ቀለም በመርፌ

በምንጃሯ አረርቲ ከተማ ውስጥ መርፌ የሚሠራው ጤና ጣቢያ ብቻ አይደለም። በዋናው መንገድ ዳር ከተደረደሩት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። በራፉ ላይ «የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ላሚኔሽን፣ ጥረዛ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ፋይዳ እናትማለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ያልተለጠፈው አገልግሎት ከመጋረጃው ኋላ ነው። እዚያ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ሲሪንጅ፣ ሶፍት፣ የእጅ ጓንትና በብልቃጥ የተቀመጠ ቀይ ፈሳሽ ስለሚታይ፣ መጋረጃውን በስህተት የገለጠ ሰው ፈቃድ የሌለው ክሊኒክ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ሲሪንጁ ራሱ የሚመጣው ከመድኃኒት ቤት ነው። የሱቁ ልጅ ተልኮ «ባለ ዐሥር ሚሊ አራት ስጪኝ» ቢላት ባለመድኃኒቷ ቀና ብላ አየችው።

«ለማን ነው?»

«ለካርትሪጅ ነው እታለም።»

«እሱ ማዘዣ የለውም?»

ማዘዣ የለውም። ሕመሙ ግን የታወቀ ነው፤ ቀለም ጨርሷል።

ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር፣ ኢንክጄት የሚባለው፣ ሲገዙት ርካሽ ነው። ሻጩ ዋናውን ትርፍ የሚያገኘው ማሽኑን ሲሸጥ ሳይሆን ገዢው ቀለም ፍለጋ ሲመለስ ነው። የኤችፒ 650 ጥቁር ካርትሪጅ በፋብሪካው ቁጥር 360 ገጽ ያትማል፤ 123 የምትባለው ታናሽ እህቱ ደግሞ 120 ብቻ። እሱም ገጹን ቀለም የሚነካው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ሲሆን ነው። አምስት እጅ ማለት አጠር ያለች፣ ትሑት ደብዳቤ ናት። የኛ ደብዳቤ ግን መች ትሑት ሆኖ ያውቃል? አርማ አለው፤ «ጉዳዩ» በደማቁ ተጽፎ ከሥሩ ይሰመርበታል፤ ግልባጩ ከቀበሌ ተነሥቶ እስከ ዞን ይወጣል።

አንድ መምህር የትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን ተበላሽቶበት ለ60 ተማሪዎች አራት አራት ገጽ ፈተና በፕሪንተር ላትም ቢል 240 ገጽ ይመጣበታል። 123ቷ ካርትሪጅ ልክ ግማሹ ተማሪ ላይ ስትደርስ ታበቃለች። የቀረው ግማሽ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አዲስ ለመግዛት አዳማ ወይም መርካቶ መሄድ አለ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአምናውን ዋጋ በኪሱ ይዞ የሄደ ሰው ካርትሪጁን አይቶ፣ ሰላም ብሎት ይመለሳል። ስለዚህ መርፌ።

አሞላሉ እጅ ይጠይቃል። ከላይ የተለጠፈችው ወረቀት በጥፍር ትነሣለች፤ ከሥሯ ቀዳዳ አለ። ጥቁሩ ካርትሪጅ አያስቸግርም። ባለ ቀለሙ ግን ሆዱ ለሦስት የተከፈለ ነው፤ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ። የትኛው ቀዳዳ የየትኛው እንደሆነ ከላይ አልተጻፈበትም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በየቀዳዳው አንዳንድ ስቴኪኒ ከትቶ ጫፉን ያያል። ስቴኪኒ ልቆጥብ ያለ ጎረምሳ ግን በአንዱ ሦስቱንም አዳርሶ፣ በዚያው ላይ ቢጫውን በሰማያዊው ቀዳዳ ገፋውና በማግሥቱ የታተመችው ሙሽራ አረንጓዴ ሆና ወጣች። እናቷ ፎቶውን አገላብጠው አይተው «ገና ሳትሄድ ናፍቆት ጀመራት» አሉ።

ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ ችኩል አይወድም። ሲሪንጁን ጠብ፣ ጠብ እያደረጉ እንጂ በአንድ ትንፋሽ አይገፉትም፤ የገፋው ሰው ቀለሙን ሱሪው ላይ ያገኘዋል። ከሞላ በኋላ በታች በኩል ሶፍት ላይ አሳርፎ የቀለሙ አሻራ ሙሉ መሆኑን ማየት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሙልጭ ብሎ እስኪያልቅ አለመጠበቅ። ቀለሙ የሚረጭባቸው ቀዳዳዎች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ካርትሪጁ ባዶውን ከሠራ ውስጡ ያለችው ማሞቂያ ትቃጠላለች፤ ባዶውን ከከረመ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ይደርቃሉ። ከዚያ ወዲያ ለብ ባለ ውሃ ቢነክሩት፣ ቢያሹት፣ ቢለምኑት ዋጋ የለውም። በእኔ ዕይታ «መሙላት አይሠራም» ከሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ ካርትሪጁን ለሙላት ያመጡት ከቀብር መልስ ነው።

በመርፌ መሞላት ለማሽኑ ውርደት እንዳይመስላችሁ። ትውልዱም ከመርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጃፓን ውስጥ በካኖን ኩባንያ ኢቺሮ ኤንዶ የሚባል ተመራማሪ የጋለ መበየጃ ቀለም የያዘ ሲሪንጅ መርፌ ላይ ሳያስበው ቢያስነካ፣ ቀለሙ ከመርፌው ጫፍ ተፈናጥሮ ወጣ። ሙቀቱ አረፋ ፈጠረ፣ አረፋው ቀለሙን ገፋ። የካኖን ፕሪንተር የሚሠራበት ዘዴ ከዚያች አጋጣሚ ተወለደ። ኤችፒም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ቲንክጄት የተባለ ማሽኑን በ1984 ለገበያ አቀረበ። ኤፕሰን ግን ቀለሙን አያሞቅም፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው በሚለጠጥና በሚኮማተር ቁስ እየገፋ ነው የሚያስወጣው። ይህ ልዩነት ለሳይንቲስት ብቻ አይደለም። በትንንሾቹ የኤችፒና የካኖን ማሽኖች ላይ የሚረጨው ጭንቅላት ከካርትሪጁ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ቢበላሽ ካርትሪጅ ጠፋ ነው። በኤፕሰን ጭንቅላቱ የማሽኑ ነው፤ እሱ ከደረቀ ማሽኑ ደረቀ።

ሞላነው እንበል። አሁን ደግሞ ማሽኑ አያምንም። ቀለሙ አፉ ድረስ ሞልቶ «ቀለም አልቋል» ይላል። ወደ ውስጥ አይቶ አይደለም፤ የረጨውን ጠብታ እየቆጠረ ነው እንጂ። ካርትሪጁን በመለያው ለይቶ ያውቀዋል፤ «አንተን እኮ ባለፈው ሳምንት ጨርሼሃለሁ» ማለቱ ነው። ኤችፒው ላይ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ፣ ኦኬ ብሎ ማለፍ ነው። ካኖኑ ላይ የማቆሚያዋን ቁልፍ አምስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ደንበኛ ወረፋ ይዞ ሳለ ልጁ ቁልፍ ተጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆጥር ላየው ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል።

ክርክሩ በኦኬ የማያልቅበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2016 አንዳንድ የኤችፒ ኦፊስጄት ማሽኖች በአንድ ቀን አድማ የመቱ ይመስል የሌላ ድርጅት ቺፕ ያለበትን ካርትሪጅ አንቀበልም አሉ። ትእዛዙ ቀድሞ ውስጣቸው ገብቶ ቀኑን ሲጠብቅ ኖሯል። ደንበኛው ሲጮህ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ማስተካከያ አወጣ። ቶነር በሚባል የቀለም ዱቄት በሚያትሙት በሌዘር ፕሪንተሮች ሠፈርም ሰላም አልነበረም። ሌክስማርክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ያለቀ የቶነር ካርትሪጄን እየሞላ ይሸጣል ብሎ በዌስት ቨርጂኒያ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ከስሶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሜይ 30 ቀን 2017 ዕቃው አንዴ ከተሸጠ በኋላ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ይዞ ገዢውን መከተል አይቻልም ብሎ ፈረደ። ይህንን ለመወሰን ይህ ሁሉ ዳኛና ጠበቃ መድከሙ ይገርመኛል። ጉዳዩን ምንጃር አምጥተው አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ቢያስቀምጡ ቡና ሳይፈላ ያልቅ ነበር። «ሸጥህለት?» «አዎ።» «ብሩን ተቀበልህ?» «አዎ።» «እንግዲያ ቢሞላው ቢጥለው ምን አገባህ?»

ከሁሉም ግን ያሳቀኝ የአንድ መሪጌታ ጥያቄ ነው። የማኅበር ጥሪ ሊያሳትሙ መጥተው ወረፋ ሲጠብቁ የካርትሪጁን ሙሌት በጽሞና ሲከታተሉ ቆዩ። እሳቸው በልጅነታቸው ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ያደጉ ናቸው። ጥቁሩን ከጥላሸት፣ ከሙጫና ከከሰለ እህል እየወቀጡ፣ እየዘፈዘፉ ለወራት ያቆዩታል። ቀዩ የፈጣሪና የቅዱሳን ስም ይጻፍበታል። ሁለቱም በየቀንዳቸው ተሞልተው መሬት ላይ ይተከላሉ፤ ጸሐፊው መቃውን እያጠቀሰ ይጽፋል። በጠረጴዛው ሥር የተከመሩትን ባዶ ካርትሪጆች አይተው፦

«እነዚህ ምንድን ናቸው ልጄ?»

«ያለቀባቸው ናቸው የኔታ፤ ይጣላሉ።»

«ቀለሙ ሲያልቅ ቀንዱን ነው እንዴ የምትጥሉት?»

ልጁ መልስ አጣ። እኔም አልነበረኝም። ኢንዶኔዥያዎች ግን ነበራቸው። እዚያ አገር ሰው ካርትሪጅ መግዛት ሲታክተው ማሽኑን በስቶ፣ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ የቀለም ጠርሙስ ከጎኑ ማንጠልጠል ጀመረ። ኤፕሰን ይህን አየ። ሊከስ ይችል ነበር፤ ይልቅ ሰዎቹ በእጃቸው የሚቀጥሉትን ታንክ በፋብሪካ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሌላው አገር ሁሉ አስቀድሞ እዚያው ኢንዶኔዥያ አውጥቶ ሸጠ። ካኖን በ2015፣ ኤችፒ በ2016 ተከተሉት። በኛ አገርም ያ ቱቦ የተተበተበበትን ማሽን ያየ ያውቀዋል፤ ሱቁ ውስጥ ሲያልፉ እግር ይጠልፋል፣ ጠርሙሱ ከተገለበጠ ደግሞ የዓመት በዓል ልብስ ይሰናበቷል።

ታንክ ያለው ማሽን ሲገዙት ይወደዳል፤ ትርፉን መጀመሪያ ይወስዳልና። በኋላ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የኤፕሰን ኤል 3250 ዓይነቱ ጥቁር ጠርሙስ 65 ሚሊ ሊትር ሲሆን በፋብሪካው ቁጥር 4500 ገጽ ያትማል። ሦስቱ ቀለማት ተባብረው 7500። ያ መምህር ይህን ቢይዝ ለ60ውም ተማሪዎች ፈተናውን ከዐሥራ ስምንት ጊዜ በላይ ያትምላቸዋል፤ ተማሪዎቹ ይህን ስሌት ባይሰሙት ይሻላል። ፎቶ ቤቶች የሚወዱት ኤል 805 ደግሞ ባለ ስድስት ቀለም ነው።

ይህን የታንክና የካርትሪጅ ጉዳይ ከመሐንዲስ ይልቅ አንድ የአካባቢያችን ገበሬ ቶሎ ሲረዱት አይቻለሁ። ጤፍ ሸጠው፣ ልጃቸው ጽሕፈት ቤት ልትከፍት ስለሆነ ፕሪንተር ሊገዙላት አዳማ ሄዱ። እኔ ለመንገድ ጓደኝነት ተከትዬ ነበር። ሻጩ ትንሹን ማሽን ብድግ አድርጎ፦

«ይህኛው ርካሽ ነው አባባ። ሁሉም የሚወስደው እሱን ነው።»

«ቀለሙ ሲያልቅ?»

«ሌላ ካርትሪጅ ይገዛል።»

«እሱስ ሲያልቅ?»

«ሌላ ነዋ።»

«ዲቃላው በቆሎ ነው በለኛ!» አሉና ዞር አሉ።

ሻጩ አልገባውም። ለምንጃር ገበሬ ግን ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ፣ ስሙ ራሱ አረርቲ የሆነ የሽምብራ ዝርያ አለ። ሽምብራ በራሱ ብናኝ ስለሚራባ ገበሬው ከምርቱ መርጦ ለከርሞ ዘር ያስቀምጣል፤ ዘሩ በጎታው ነው፣ ማንንም አይለምንም። ዲቃላ በቆሎ ግን ምርቱን መልሰው ቢዘሩት ስለሚከዳ በየዓመቱ ዘር ግዢ ነው። ካርትሪጅ ሁለተኛው ነው፤ ታንክ ወደ መጀመሪያው ይጠጋል። ሽማግሌው ባለ ታንኩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ የቀለሙን ልክ አዩ። ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱ፣ ራሳቸው ዘጉ። ቀለሙ በከተማው ውስጥ በስንት ሱቅ እንደሚገኝ ጠየቁ፤ እኔ እስከዛሬ ከሰማኋቸው የፕሪንተር ጥያቄዎች ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ብልህ ጥያቄ ነው። ከዚያ ዋጋ ክርክር ገቡ፤ ሻጩ እስከሚያልበው ድረስ አልለቀቁትም። በመጨረሻ አንድ ጥቁር ጠርሙስ በምርቃት አስጨምረው ወጡ።

ታንክ ገዛን ብሎ መተኛት ግን የለም። ዋናው ጠላት መብራት ነው። ማሽኑ ሥራ ሲጨርስ ጭንቅላቱን ወደ ጥግ ወስዶ አፉን ራሱ ይከድናል፤ አየር ካልነካው አይደርቅም። መብራት ገጹ መሃል ላይ ድርግም ሲል ግን ጭንቅላቱ አፉን እንደከፈተ በመንገድ ላይ ይቀራል። ከደብረ ብርሃን ውርጭ ጋር ሲነጻጸር እኛ ዘንድ ሙቀት አለ፤ በመኸር ደግሞ የጤፍ ገለባ ብናኝ በየስንጥቁ ይገባል። መብራቱ ጠፍቶ ሁለት ቀን ከቆየ ያ ክፍት አፍ ይደርቃል። ሲመጣም ማሽኑ መጀመሪያ የሚያደርገው ራሱን ማጽዳት ነው፤ ለጽዳት የሚጠጣውን ቀለም ያየ ሰው «አንተ ሠርተህ ነው ወይ እንዲህ የሚጠማህ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ዩፒኤስ ያለው ይሰካ። የሌለው ቢያንስ ማሽኑን በራሱ ቁልፍ ያጥፋ፤ ከሶኬት የሚነቅል ሰው ለመብራት መጥፋት ረዳት ሆኖ ተቀጥሯል ማለት ነው። ሥራ በሌለበት ሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተምም ይጠቅማል። የማውቃት ባለ ሱቅ ለዚህ የልጇን ፎቶ ታትማለች፤ ግድግዳው በአንድ ሕፃን ተሞልቷል።

ሁለተኛው ጠላት «ቀለም ቀለም ነው» የሚል ሰው ነው። ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ፣ ደማቅ፣ ለፎቶ የሚያምር፣ ነገር ግን ውሃ የሚፈራ። ሌላው ደቃቅ ዱቄቱ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ ውሃ የሚችል፤ ነገር ግን ለእርሱ ባልተሠራ ማሽን ውስጥ ከገባ ቀዳዳ የሚደፍን። የኤችፒ 650 ጥቁሩ ከሁለተኛው ወገን ነው። ያንን በመጀመሪያው ዓይነት የሞላ ሰው ደብዳቤው ለጊዜው ያምርለታል። ነሐሴ ላይ ማስረጃውን በደረት ኪሱ ይዞ ዝናብ ያገኘው አንድ ወጣት ቢሮ ደርሶ ሲዘረጋው ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥታ «ክብ ማኅተሙ ይታያል፣ ቲተሩም ይነበባል፤ አንተ ግን የለህም» አለችው። የማኅተም ፓድ ቀለም በታንክ ውስጥ ያፈሰሰ ሰው እንዳለም ሰምቻለሁ። ስለ እሱ መጻፍ ቤተሰቡን ማሳዘን ስለሆነ አልፈዋለሁ።

በወር ሁለት ማመልከቻ ለሚያትም ሰው ግን ታንክም ካርትሪጅም አይመከርም፤ ሁለቱም ተቀምጠው ይደርቁበታል። ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማሳተም ርካሹ ፕሪንተር ነው፤ ወሬም በነፃ ይገኛል። ጥቁር ደብዳቤ ብቻ የሚያወጣ ቢሮ ሌዘር ይግዛ። ቶነር ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም፤ የኤችፒ 12ኤ ካርትሪጅ 2000 ገጽ ይሄዳል፣ እሱም ይሞላል። የሚሞላው ሰው ብቻ ማታ አፍንጫውን ሲናፈጥ ደንግጦ ሐኪም ጋ እንዳይሄድ ቀድሞ ይነገረው።

የታንኩ የመጨረሻ ተንኮል ከሆዱ ሥር ነው። ለጽዳት የሚጠጣው ቀለም ሁሉ እታች ባለ ስፖንጅ ላይ ይጠራቀማል። ማሽኑ ይህንንም ይቆጥራል፤ ልኩ ሲደርስ ሁለት መብራት እያፈራረቀ አልሠራም ይላል። አዋቂው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ከፍቶ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ስፖንጁ ካልተቀየረ ቀለሙ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ መፍሰሱ አይቀርም፤ ልጁም ይህን ይናገራል፣ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። የአንድ የእህል ነጋዴ ፕሪንተር ቆሞ ልጁ በተጠራ ዕለት ከጎኑ ሆኜ አየሁት፤ ጥቂት ቁልፍ ነካካ፣ ማሽኑ ተንጫጭቶ ተነሣ።

«ምን አድርገህለት ነው?» አሉ ነጋዴው።

«ቆጣሪው ሞልቶ ነበር ጋሼ፤ ዜሮ አደረግሁት። ግን ስፖንጁን...»

«ስፖንጁን ተወው!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ በሩን ገርበብ አደረጉና ወንበራቸውን አስጠጉ። «እንግዲህ ቆጣሪ ዜሮ ማድረግ የምትችል ከሆነ፣ ማታ ብቅ በል፤ የወፍጮዬን የመብራት ቆጣሪ አሳይሃለሁ።»